ያለ ጥርስ የነከስኩት ጥርስ

ሰኞ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ጥሩወርቅ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያልኩትን ብቻ ጻፊ፣ ስድቡንም አትዝለይ ብያታለሁ።

ዛሬ የታች መንጋጋዬን በስተው አራት ብሎን ቀበሩበት። ጥርሱ በላያቸው የሚተከለው በኋላ ነው። ማሽኑ አጥንቴ ውስጥ እንደ ወፍጮ ጮኸ። ሐኪሟ፣ «አያ ደምሌ፣ ካመመዎት እጅዎን ያንሡ» አለችኝ። እጄን የማነሣው ለመማታት ነው አልኳት። ሳቀች።

ደሜ ውስጥ ቫይረሱ እንዳለ ገና ስገባ ነግሬያታለሁ፤ ከፈራሽ አሁኑኑ በይ ብዬ። መድኃኒትዎን ይውጣሉ ወይ ነው ያለችው። አንድ ቀን አጉድዬ አላውቅም! እንግዲያው ደምዎ አያስፈራኝም፤ ብሎኑ ከአጥንትዎ እስኪጣበቅ ግን ጠንካራ ነገር አይንከሱ፣ ጠብም ይቅርብዎ አለች። ጠበኛነቴን ማን ነገራት? ይቺው ጥሩወርቅ ናት።

ማክሰኞ

የጾም ቅበላ። ሰፈሩ ሥጋ ይጠብሳል፣ እኔ አጥሚት እጠጣለሁ። ፊቴ ዱባ አክሏል።

ታናሽ ወንድሜ ገብሬ ከመካነ ብርሃን መጣ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ! ያኔ በእናታችን ተዝካር፣ በሽታዬን ሰምቶ፣ የጠጣሁበትን ዋንጫ በሰው ፊት ነጥቆ ሰበረው። በቡጢ አልኩት። በሽመል አፌን አለኝ። ስድስት ጥርስ በአንድ ምት፤ የቀሩት ተራ በተራ ረገፉ። ከዚያ ወዲህ ያለ ጥርስ ጥርስ ነክሼበት ኖርኩ።

ዛሬ የብሎኑን ወሬ ሰምቶ ኖሮ፣ ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ «ምነው አያ፣ ለመቃብር ብረት ታጭቃለህ?» አለኝ። ቀልዱ ነው አሉ።

በርጩማውን አንሥቼ ግንባሩን ተረተርኩት። ለካ ድዴን ነክሼ ኖሯል፤ ስፌቴ ተበጠሰ፣ አፌን ደም ሞላው። ሊይዘኝ እጁን ዘረጋ።

«አትንካኝ! ቆስለሃል፣ ደሜ ይገባብሃል!» ብዬ ጮኽኩ። ግድግዳው እስኪይዘኝ ድረስ ሸሸሁት። ልገድለው የተነሣሁ ሰውዬ!

ቆሞ አየኝ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፣ የእኔ ጀግና።

ረቡዕ

ምላሴ ሲነካው አንዱ ብሎን የሚነቃነቅ ይመስለኛል። እግዜር ያውቃል።

ገብሬን ሂድ አልኩት። አልሄደም። አጥሚት የጠጣሁበትን ኩባያ አጥቦ ውኃ ጠጣበት። ለምን አጠብከው ብዬ ልቆጣ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያጥባል አልኩና ተውኩት።

ሐሙስ

ሐኪሟ እየተቆጣች ሰፋችኝ። ሦስቱ እንደ ችካል ቆመዋል። አራተኛው ላልቷል፤ ይያዝ አይያዝ ለጥምቀት ይታያል፣ ካልያዘ ይነቀላል። በሦስትም ቢሆን ቆሎ እቆረጥማለሁ አልኳት።

የገብሬንም ግንባር አየች። የእሳቸው ደም ነክቶሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። «እሱ አላስነካኝም» አለ።

አሁን በረንዳው ላይ ተጋድሟል። ጥሩወርቅ፣ ከሰኞ ጀምረሽ አንብቢልኝ። «አትንካኝ» ያልኩት ጋ ስትደርሺ ጮክ በይ።