ነጥብ የጨመርኩበት መጽሐፍሽ

ልጄ፣ ጥፋቱ የአባትሽ ነው። «ፊደል ለሴት ምን ሊፈይድላት» እያለ ባይከለክለኝ ኖሮ የጻፍሽውን መጽሐፍ እንደ ሰው ሳልደናቀፍ አነበው ነበር። ነፍሱን ይማር፤ እኔ ግን ገና አልማርኩትም። አንቺን ባለሽበት አገር ክፉ አይንካሽ፤ እጅሽ ይባረክ።

እኛ ደህና ነን። የሚያፈስሰው ጣሪያ ተጠግኗል። ዓይኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንቢ ስላለኝ ስፌት ቤቱን አክስትሽ ይዛዋለች። አንቺም ሳትበዪ ለመጻፍ አትቀመጪ።

በስተርጅና በቆጠርኩት ፊደል መጽሐፍሽን በጣቴ እየተከተልኩ ጀመርኩት። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሴትዮ መስኮት ትከፍታለች፣ ከዚያ ሐሳቧ ገጹን ሙሉ ይነጉዳል፤ አንድም ቦታ አራት ነጥብ የለም። እኔ እንዳላነበው ብለሽ ያደረግሽው መሰለኝና ሆድ ባሰኝ። እርሳስ አንሥቼ ትንፋሽ ባጠረኝ ቦታ ሁሉ ነጥብ አደረግኩበት።

ትናንት ለአክስትሽ ጮክ ብዬ ሳነብላት የስፌት መኪናውን አቁማ ሳቀች። «ይቺ እኮ አንቺው ነሽ። ስትሰፊ ጨርቁ ካላለቀ ወሬሽ መች ያልቅ ነበር? ልጅቷ ከፔዳሉ አጠገብ ቁጭ ብላ ሁሉንም ለቅማዋለች» አለችኝ። ነጥቦቼን እየዘለልኩ እንደገና አነበብኩት። እውነቷን ነው፤ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት እናገርበት የነበረው አነጋገር ነው።

የሚቀጥለውን ጎላ ባለ ፊደል አሳትሚልኝ፣ እባክሽ። ምርቃቴ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምሽ። እርሳሱን ጨርቅ እንድታሰምርበት ለአክስትሽ ሰጥቻታለሁ። ከእንግዲህ ስትናገሪ መሐል ላይ አላቋርጥሽም።