ለሱብሂ የሚሆን ቦታ

ጥቅምት 4
ክፍል፣ ቤተ ሙከራ፣ የምሳ ሰልፍ፣ እንደገና ክፍል። ደከመኝ። የንጋት ሶላቴን፣ ሱብሂን፣ ዛሬም ልብስ መተኮሻ ክፍል ሰገድኩ። ቀና ስል የጠረጴዛው ጠርዝ አናቴን መታኝ… ዶርማችን ውስጥ መስገጃ የሚያስዘረጋ ቦታ አለ። ግን የዶርም ጓደኛዬ ረጅሟ ተኝታ፣ እኔ አጠገቧ ብድግ ቁጭ ስል? ክርስቲያን ናት፤ ምን ትለኛለች? ምንም አትልም ይሆናል። እሱ ነው የባሰው።

ጥቅምት 6
እንደምንም ደፍሬ የዶርሞቹን ኃላፊ፣ ፕሮክተሯን ጠየቅኳት።
"ማዘር፣ ለሶላት የሚሆን ክፍል ይኖር ይሆን?"
"ዶርምሽ ምን ሆነ? ልጅቷ አስቸገረችሽ?"
"ኧረ በጭራሽ!"
"ገባኝ፣ ገባኝ። ሦስተኛ ፎቅ ካሉት ሙስሊም ልጆች ጋር አንድ አልጋ ተለቋል። እስከ ዓርብ ወስኚ።"
ቦታ ብጠይቅ አልጋ ሰጠችኝ። እማ ደግሞ በስልክ፣ "ታዲያ ምን ያስጠይቃል? ግቢ እንጂ!" እውነቷን ነው። ግን ረጅሟስ? ያለሷ ሒሳብ አይገባኝም፤ ያለሷ ሳቅም የለም። መልቀቅ አልፈልግም። በየማለዳው መሽሎክሎኩም መሮኛል።

ጥቅምት 7
ከሰገድኩ በኋላ እንደወትሮዬ በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍት… ለካ ካልኩሌተር ረስቻለሁ። ተመለስኩ። ረጅሟ የለችም! አልጋዋ ተነጥፏል። ገና ሳይነጋ ወዴት? ፍቅረኛ ይዛ ይሆን? ለኔ ሳትነግረኝ?!

ጥቅምት 8
ልጠይቃት እልና አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

ጥቅምት 9
አላስቻለኝም፤ ፈለግኳት። ደረጃው መጨረሻ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ቁጭ ብላለች። ሻርፕ ተከናንባ፣ በስልክ መብራት የጸሎት መጽሐፏን እያነበበች።
"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"
"ለዉዱእ ልትታጠቢ ስትወጪ ጠብቄ እወጣለኋ። ተመልሰሽ ሳትሳቀቂ እንድትሰግጂ ብዬ…"
"እኔ እኮ አልመለስም! መተኮሻ ክፍል ነው የምሰግደው፤ አንቺን እንዳልቀሰቅስ።"
"እና ዶርሙ ውስጥ ማን አለ?"
"ማንም!"
ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ መጽሐፏን ዘጋች። "ልትለቂ ነው አለችኝ ፕሮክተሯ። ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ስብሰለሰል ነው የሰነበትኩት።" አለቀስኩ። ይሉኝታችን ሊያለያየን ነበር እኮ!

ጥቅምት 10
ዓርብ። ሁለታችንም ማዘር ጋ ሄድን። አልለቅም አልኳት።
"ታዲያ ከኔ ምን ፈለጋችሁ?"
"ቁም ሳጥኑን ወደ በሩ እናስጠጋው? ለሁለታችንም ቦታ ይወጣዋል።"
"ወለሉን እንዳትቧጭሩት እንጂ ከፈለጋችሁ ጣሪያ ላይ ስቀሉት!"

ጥቅምት 13
እሷ ወደ መስኮቱ ዞራ ጸለየች፣ እኔ ወደ ግድግዳው ሰገድኩ። ሹክሹክታዋ አሳሳተኝ፤ እንደገና ጀመርኩ። እንግዲህ መልመድ ነው። ኋላ፣ "ግንባርሽ መሬት ሲነካ ምን ትያለሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። እኔም የሷን ጠየቅኳት። አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየጎተተ ክፍል ልናረፍድ ነበር!

ጥቅምት 21
ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ኖሯል፤ አላርሙ አልጮኸም። ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ነኝ… የሆነ እጅ ትከሻዬን ይነቀንቀኛል።
"ተነሽ እንጂ አንቺ! ሶላትሽ ሊያልፍብሽ ነው!"
ረጅሟ ናት። እንዳልቀሰቅሳት የሸሸኋት ልጅ።