ያላለቀው ዘፈን ላይ አጨበጨብኩ

ሳቂታዋ ጎረቤቴ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? የልጄ ባል፣ ውጭ አገር እነሱ ጋ ከመጣሁ ጀምሮ ከ“ደህና አደሩ” በቀር ቃል አልተነፈሰልኝም ነበር። ትናንት ልጄ፣ እሱ የሚያብድለት የሮክ ባንድ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር ሲጫወት አብረን እንድናይ ላከችን። እኛ ጋ ሙዚቃ ሲነሳ ወንበር ተገፍቶ ይጨፈራል፤ እዚህ ወጣቶቹ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁጭ ነው። ጊታሩ ከቫዮሊኑ፣ ከበሮው ከዋሽንቱ ጋር ሲሯሯጡ ቆይተው ድንገት ጸጥ አሉ። እኔ አለቀ ብዬ ብድግ አልኩና “አበጃችሁ!” እያልኩ አጨበጨብኩ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ! የልጄን ባል ሳቁ አመለጠው።

“እማዬ፣ ገና ግማሹ ነው!”

“ታዲያ ሲያልቅ ንገረኛ!”

ሲያልቅ በክርኑ ነካ አደረገኝና አብረን ተነስተን አጨበጨብን። ነገ ሸክላዎቹን ሊያሰማኝ ነው፤ አንዱ ዘፈን ብቻ ድንች ተጥዶ እስኪበስል ይረዝማል። ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ለሰፈሩም “የልጇ ባል ‘እማዬ’ ብሏታል” ብለሽ አውሪልኝ።