የኢንዛይም ምርምር ክፍላችንን መሥራች ስለማጣታችን

የምርምር ተቋማችን የኢንዛይም ክፍል መሥራችና ኃላፊ የነበሩት ባልደረባችን በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የተቋሙ ሠራተኞች፣ ተማሪዎቻቸውና ልጆቻቸውን ያዳኑላቸው ወላጆች በከባድ ሐዘን ላይ እንገኛለን።

«እታለም» እያልን የምንጠራቸው እኚህ ተመራማሪ ወደዚህ ሥራ የገቡት በቤታቸው በደረሰ ሐዘን ነው። የታላቅ ወንድማቸው የበኩር ልጅ አንዴ በሳል፣ አንዴ በትኩሳት ሲሰቃይ ቆይቶ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ምን እንደገደለው የሚነግራቸው ሐኪም አልተገኘም።

በአገልግሎታቸው አራተኛ ዓመት የወንድማቸውንና የወንድማቸውን ባለቤት ደም መርምረው ምክንያቱን ደረሱበት። ሁለቱ ወላጆች ሳይታመሙ የተሸከሙትን ጉድለት ከሁለቱም የወረሰ ልጅ አንድ ኢንዛይም ይጎድለዋል፤ በሽታን የሚከላከሉለት የደም ሴሎችም ሳይጠነክሩ ይሞታሉ።

በዘጠነኛው ዓመት የጎደለውን ኢንዛይም በመርፌ የሚተካ መድኃኒት አዘጋጁ። መጀመሪያ የተመረተው ለታመሙት ሕፃናት ሁሉ ስለማይበቃ በዕጣ እንዲሰጥ ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ከሕፃናቱ አንዱ የወንድማቸው ሁለተኛ ልጅ ነበር። ዕጣው አልወጣለትም። ባልደረቦቻቸው ነገሩን በዝምታ እናስተካክለው ብለው ለመኗቸው፤ ወንድማቸውም ቢሯቸው ድረስ መጥተው ከእግራቸው ወደቁ። የሰጡት መልስ፣ «እሱን ካስገባሁ የማንን ልጅ ላስወጣ?» የሚል ነበር።

ሕፃኑ ከተላላፊ በሽታ እንዲጠበቅ በተኛበት፣ በመስታወት በተከለለ የሆስፒታል ክፍል ውስጥ በሳንባ ምች ሞተ። መድኃኒቱ ለሁሉም የተዳረሰው በተከታዩ ወር ነው።

ተቋማችን በዚያው ዓመት አድልዎ የማያውቁ በመሆናቸው ሸልሟቸዋል። ሽልማቱን ለመቀበል አልመጡም።

ያን ጊዜ መርፌውን የወሰዱት ሕፃናት ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ወንድማቸውን ለማርዳት የሄዱ ባልደረቦቻችን ወደ ውስጥ ግቡ አልተባሉም። ወንድማቸው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «እኔ እህቴን የቀበርኳት ያኔ ከልጄ ጋር ነው» ብለው በሩን ዘግተዋል። ተቋሙ ይህን በመረዳት ለወንድማቸውና ለወንድማቸው ባለቤት፣ ለአረጋዊት እናታቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው በሙሉ መጽናናትን ይመኛል።

ቀብሩ ነገ ከቀትር በኋላ ይፈጸማል። በቤተሰቡ በኩል የሚቆሙት እናታቸው ብቻ ናቸው።