አራቱም ንብር እኩል ወጣ

ለቡ መብራት ኃይል
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአክሱማዊት፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እዚያ በርን ከተማ በረዶ ጀምሯል አሉ፤ ወፍራም ልበሺ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል። ስልኬን ማንሳት ከተውሽ ሦስት ሳምንት ሆነ። ስለዚህ ጻፍኩ፤ እናትሽ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

የላክሽልኝን የተራራ ቁርጥ ሥዕል፣ ተራራው ለሁለት ቢሰነጠቅ ውስጡን የሚያሳየውን፣ በክር እንደለካሁት ታውቂያለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ካርታ ስነድፍ ማንም ሳያስተምረኝ የደረስኩበት ዘዴ ነው። የአለት ንብሮች፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተነጠፉት ድርብርቦች፣ ተገፍተው አንዱ በሌላው ላይ ከመውጣቱ በፊት ተዘርግተው ተኝተው ነበር። እጥፋታቸውን በክር ተከትለሽ ክሩን ብትዘረጊው ሁሉም እኩል መውጣት አለባቸው። የላይኛው ሁለት ጣት አጠረ። ያኔ ነው ደውዬ፣ "ኮምፒውተሩ ሠራው፣ አንቺ ፈረምሽበት፤ ይህን ይዘሽ መምህራንሽ ፊት ብትቆሚ ታሳፍሪኛለሽ" ያልኩሽ።

ስለ ማሽን ያለኝ ሐሳብ አልተለወጠም። መልስ ይሰጣል እንጂ አያፍርም።

ባለፈው ማክሰኞ ሥዕሉ ያለበትን የመመረቂያ ጥናትሽን ልትሰርዢ መሆንሽን እናትሽ ነገረችኝ። "ልጅቷ ከማሽኑ ይልቅ አንተን አምና ነው። እርግጠኛ ነህ?" አለችኝ። "ነኝ" አልኳት። ግን ሥዕሉን እንደገና ዘረጋሁት።

ሠላሳ ዲግሪ ያጋደለ ብለሽ የጻፍሽበት የአለት ስብራት ስለካው ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሌላ ስህተት አገኘሁባት ብዬ ደስ አለኝ። ሁለተኛውም ከጻፍሽው በላይ ቀጥ ብሏል። ሦስተኛውም። ሰው ደግሞ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አይሳሳትም። ወረቀቱን ይዤ ላፍቶ፣ ሥዕሉን በወረቀት ወዳተመችልኝ ልጅ፣ ወደ ቤቴል ሱቅ ሄድኩ።

"ይሄን ምን አደረግሽው?"

"አባባ፣ ከላይም ከታችም ባዶ ሲቀር ደበረኝና ቁመቱን ሳብ አደረግኩት። አላማረም?"

"ተራራ እኮ ነው የሳብሽው!"

"ታዲያ ተራራ ቢያድግ ምን ይጎዳዋል?"

ቁመቱ ሲሳብ የታጠፈው ንብር ይረዝማል፤ የተኛው የላይኛው ግን ባለበት ይቀራል። የአግድሙን ስኬል ለክቼ የቁመቱን ሳልለካ ፈረድኩ። እኔ ቢሮ እያለሁ አንድ ነዳፊ ይህን ቢያደርግ ከጠረጴዛው አስነሳው ነበር።

ሳይሳብ አሳተምኩና ለካሁ። አራቱም እኩል ወጡ። ደግሜ ለካሁ። እኩል ናቸው።

እንግዲህ ጥናትሽን በተያዘለት ቀን አቅርቢ። እግዚአብሔር ከፊትሽ ይቅደም፤ አንደበትሽን ያርታልሽ። ማን ፈተሸልሽ ብለው ቢጠይቁሽ፣ አባቴ በእጁ ለክቶ ልክ ነው ብሏል በዪ። በመጀመሪያ ያልኩትን መናገር አያስፈልግም።

መናገር ከፈለግሽም ተናገሪ።

አባትሽ ምትኩ