የእትዬ ያለምወርቅ ዘጠኝ ስህተት

ኅዳር 11፣ ረቡዕ። ኮምቦልቻ

ዛሬም መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሮቹ ድርግም አሉ፣ እኛ በሙቀቱ ላባችን እየተንጠባጠበ ቁጭ። ቲቸር ጸጋው ግን ማስተማሩን አላቆመም። የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር መብራት አይፈልግም አለ። ሳቅን። የቤት ሥራው ግን አያስቅም። የሠራነውን ፕሮግራም ኮምፒውተር ነክቶ በማያውቅ ሰው ማስሞከር፣ ሰውየው ሲሳሳት መቁጠር፣ ለምን እንደተሳሳተ መጻፍ። "የዶርም ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ እንዳትመጡ" አለ።

እኔና ሰይድ የሠራነው የክሊኒክ ካርድ መመዝገቢያ ነው። ወዲያው እትዬ ያለምወርቅ ትዝ አሉኝ። የእማዬ ጓደኛ፣ ቸርች አብረዋት የሚዘምሩ። ደሴ፣ ሆጤ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። እንቢ አይሉኝም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ። ደሴ

የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ብርዱ ተቀበለን። ሰይድ ጃኬት አልያዘም፣ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

እትዬ የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው ካርድ ክፍል ጠበቁን። "ልጄ፣ እንዳላሳፍርሽ ብቻ" አሉኝ። "ኧረ እትዬ! የምንፈትነው ፕሮግራሙን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም" አልኳቸው።

የእህታቸውን ልጅ ሊመዘግቡ ጀመሩ። ጳጉሜ 3 ነው የተወለደው። ወሩን ፈለጉ። መስከረም፣ ጥቅምት... ነሐሴ። አለቀ። "ጳጉሜን የት አደረጋችኋት?"

ክው አልኩ። የወሮቹን ዝርዝር ከኢንተርኔት ነው የወሰድኩት። ስሞቹን ወደ አማርኛ ቀየርኩና ተውኩት። አሥራ ሁለት ብቻ መሆናቸውን አላየሁም። የጳጉሜ ልጅ እንዳይመዘገብ አድርጌ ሠርቻለሁ!

ረስቼያት ነው አላልኩም። ለምን? ሥራ አስኪያጁ አቶ ወርቅአፈራሁ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ከወደዱት ለክሊኒኩ ሊወስዱት ነው...

እትዬ ጳጉሜን ራሳቸው ጻፏት። ፕሮግራሙ የሞሉትን ሁሉ አጠፋው። እንደገና። ሰባት ጊዜ! በዚያ ብርድ ግንባራቸውን አላባቸው። "ጭንቅላቴ ዛሬ ምን ነካው?" ይላሉ። ሰይድ ይቆጥራል። ከዚያ ሌላ ሁለት ስህተት ጨመሩ። በድምሩ ዘጠኝ።

ኅዳር 30፣ ሰኞ

ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሰይድ "ጳጉሜን ረስተናል ብለሽ ጻፊው። ወላሂ ያስቃል እንጂ አያሳፍርም" አለ። እሺ አልኩት።

አልጻፍኩም። ከእትዬ ሌላ ያስሞከርናቸው አራት ሰዎች ያገኙትን ጥቃቅን ነገር ሁሉ ዘረዘርኩ፣ ዋናውን ዋጥኩት። "ተሳታፊ 2። ሥራ፦ ካርድ ክፍል። አገልግሎት፦ 22 ዓመት። ስህተት፦ 9። ምክንያት፦ የኮምፒውተር እውቀት ማነስ።" ጳጉሜንም ሹልክ አድርጌ ፕሮግራሙ ውስጥ ጨመርኳት። ስማቸውን አልጠራሁም። ታዲያ ምን ችግር አለው?

ታኅሣሥ 10

ኤ አገኘን! አቶ ወርቅአፈራሁም ፕሮግራሙን ከነሪፖርቱ ወሰዱ። ለእማዬ ስደውልላት እልልታዋን አቀለጠችው። እኔን ግን ደስ አላለኝም።

ጥር 18፣ እሑድ። ደሴ

ቸርች ውስጥ እትዬን ባይኔ ፈለግኩ። የሉም። ቤት ስንገባ እማዬ ነገረችኝ። ከካርድ ክፍል አንስተው ልብስ ማጠቢያ አስገብተዋቸዋል። "ኮምፒውተር አይሆንላትም የሚል ወረቀት መጥቶ ነው አሉ። የሚገርምሽ፣ እሷም 'እውነታቸውን ነው፣ ደንቁሬያለሁ' ትላለች።"

ወረቀት። የኔ ወረቀት። ሥራቸውን የነገርኩ፣ ዓመታቸውን የቆጠርኩ እኔ! ካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሌላ ማን አለ?

እማዬ "ጸልዪላት" አለችኝ። እኔ!

ጥር 19

መጸለይ አቃተኝ። ምን ብዬ?

ጥር 21፣ ረቡዕ። ኮምቦልቻ

ቲቸር ጸጋው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። "ሔርሜላ፣ የፕሮግራሙን ስህተት ብትጽፊ እኮ ማርክ ይጨመርልሽ ነበር። ሥራው እሱ ነበር" አለ። ማርኬ ከኤ ወደ ሲ ወረደ። ለአቶ ወርቅአፈራሁ እውነቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፌ ቲቸርም ፈረመበት። የሰይድ ማርክ እንዳይነካ ለመንኩት። ሰይድ ሲሰማ ግን ተቆጣ። "አቦ ተይኝ! ሪፖርቱን ሳላነበው ፈርሜያለሁ፣ የኔም ጥፋት ነው።"

ጥር 24፣ ቅዳሜ። ደሴ

ልብስ ማጠቢያው ከክሊኒኩ ጀርባ ነው። እትዬ አንሶላ ሲጨምቁ አገኘኋቸው። በረኪናው እጃቸውን ልጦታል። ሳላለቅስ ልናገር ብዬ ነበር... የት ይቻላል! እያለቀስኩ የጳጉሜን ነገር ነገርኳቸው።

"አውቀሽ?" አሉኝ።

"አውቄ።"

"ያን ሁሉ ጊዜ ስጽፍ አጠገቤ ቆመሽ?"

"አዎ እትዬ።"

አንሶላውን ባልዲው ውስጥ ወረወሩት። "ሁለት ወር ሙሉ ራሴን ስሰድብ ነው የከረምኩት። ሂጂልኝ።"

ሄድኩ። ደብዳቤውን ለአቶ ወርቅአፈራሁ ሰጠሁ። አነበቡትና "እናየዋለን" አሉ። ለእማዬም ነገርኳት። እስካሁን አላናገረችኝም።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ። ደሴ

እትዬ አስጠሩኝ። ካርድ ክፍል ናቸው! ለአንድ ወር ሙከራ ነው፤ ፕሮግራሙ ካልሆነላቸው ወደ ማጠቢያው ይመለሳሉ። ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላሉኝም። ወንበር ሳቡልኝ።

"ከዘጠኙ የኔ ስንት ነው?"

"ሁለት።"

"አሳዪኝ።"

የመጀመሪያው፣ "መዝግብ"ን ትተው "ሰርዝ"ን ነው የተጫኑት። "ይሄ የኔ ነው" አሉ። ደግመው ሠሩት፣ ተስተካከለ።

ሁለተኛው፣ የካርድ ቁጥሩን ስልክ ቁጥር ቦታ ላይ ነው የጻፉት። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ጠጋ አሉ። "ይሄ 'የካርድ ቁጥር' የሚለው የላይኛው ሳጥን ነው ወይስ የታችኛው?"

አየሁት። ጽሑፉ የሁለቱ ሳጥኖች መሃል ላይ ነው። እኔው ነኝ እዚያ ያስቀመጥኩት። ያን ሁሉ ቀን ሳየው ነበር፣ አንድም ቀን አልታየኝም።

"እትዬ... የእርስዎ አንድ ብቻ ነው።"

"በይ ጻፊው። ተሳታፊ ምናምን እንዳትዪ ደግሞ። በስሜ።"

ደብተሬን አወጣሁ። "ወይዘሮ ያለምወርቅ፦ አንድ። ሔርሜላ፦ ስምንት።"

አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው በመስኮቱ ተረኛውን ታካሚ ጠሩ።