ስድስት ሰዓት አልነበረም

ሰይዶዬ፣ አላህ ቀብርህን ሰፊ ያድርግልህ። ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ፤ የኔ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም። ቤቱ ደህና ነው። አራት ዓመት ነገ ነገ እያልክ ያቆየኸውን የጓሮ በር ልጃችን ከድጃ በአንድ ጠዋት ጠገነችው። ያው ያንተ ልጅ ናት፤ መዶሻው ጣቷን መቷት ምንም አልሆንኩም ስትል ዋለች።

ሰኞ ዕለት ከሆስፒታሉ አንዲት ሐኪም መጣች። እንዳንተ ስትሮክ የመታው ሰው ለምን ዘግይቶ ድንገተኛ ክፍል እንደሚደርስ ጥናት እያጠኑ ነው። ስምህ እንደማይጻፍ፣ ካልፈለግሁም መተው እንደምችል አስረድታኝ ፈረምኩ። መኪና አጥታችሁ ነው ወይስ መንገዱ ርቋችሁ አለችኝ። ባጃጁ ደጃችን ላይ ተሰልፎ እየዋለ! ቅጹ ግትር ባል የሚል ምርጫ የለውም ወይ ብላት ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ወይ ሰይዶ! ብርጭቆው ከእጅህ ወድቆ፣ አፍህ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ፣ በተሳሰረ አንደበት «ምች ነው፤ ዳማከሴ ጨምቂልኝ» አልክ። በሮቢት ፀሐይ የማይሳበብ ነገር የለም። ደግሞ ሽንኩርቱ አይሱዙው ላይ ሳይጫን ንቅንቅ አልልም አልክ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልክ ጎረቤቱን ሁሉ ስትመክር የኖርክ ሰው! እኔም ሞኟ ቅጠሉን ጨምቄ ግንባርህን አሸሁልህ።

የጀመረህ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰባት ሰዓት ሆስፒታል ስንደርስ ግን አፈርኩና ስድስት ሰዓት ጀመረው አልኩ። ካርድህ ላይም እንዲሁ ተጻፈ። ሰኞ ዕለት ሐኪሟ ያንኑ አንብባ ልክ ነው ወይ ስትለኝ ጨነቀኝ። ልክ ነው ካልኩ በአንድ ሰዓት ደርሶ የሞተ ሰው ሆነህ ልትቆጠር ነው፤ ያየ ሁሉ ቶሎ መሄድም አይጠቅምም ሊል ነው። እውነቱን እንዳልናገር ከድጃ አጠገቤ ተቀምጣለች። ያን ቀን ማጀቴ ከተማ አክስቷ ዘንድ ነበረች፤ አባቷን አራት ሰዓት ሙሉ ቤት እንዳስቀመጥኩት አታውቅም።

ሦስት ሰዓት ነበር አልኳት። ሐኪሟ ስድስቱን ሰርዛ ጻፈች። ከድጃ ተነሥታ ወጣች፤ እስካሁን በቅጡ አላናገረችኝም።

ሰው የሟቹን ቀን ያስባል፤ እኔ ሰዓቱን ነው። በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ እቆጣሃለሁ፤ ከዚያ ዱዓ አደርግልሃለሁ።

ያንተዋ ዘሃራ